ለአንድ ትምህርት ቤት የተጻፈ ሕግ

በ1904 የኬንታኪ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ አጭር ነው፤ ሲያነቡት የዋጋ ዝርዝር ይመስላል። ነጭና ጥቁርን አንድ ላይ ተቀብሎ የሚያስተምር ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት 1,000 ዶላር ይቀጣል። ተፈርዶበትም ካልተመለሰ በቀን 100 ዶላር ይታሰብበታል። እንዲህ ባለ ቤት የሚያስተምር መምህርም ቅጣቱ ይኸው ነው። ተማሪውም አልተረሳም፤ ክፍል ለተገኘበት ለእያንዳንዱ ቀን 50 ዶላር ይከፍላል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ አራተኛው አንቀጽ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለሌላው ዘር ቅርንጫፍ ልክፈት ቢል፣ ቅርንጫፉ ከዋናው ቢያንስ 25 ማይል፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ አለበት ይላል። ለምን 25? ክፍል መለየት፣ ሕንፃ መለየት፣ ከከተማው ማዶ መሥራት የማይበቃው ለምንድን ነው? ሕግ አውጪ እንዲህ ርቀት ለክቶ የሚጽፈው አንድ የተወሰነ ቦታ ፊቱ ላይ ድቅን ሲልበት ነው።

ቦታውን ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይባል፣ እነሱ በ1891ዱ የኬንታኪ ሕገ መንግሥት ቀድመው ተለያይተዋል። ከኮሌጆቹ መካከል ደግሞ በግዛቱ ውስጥ ነጩንና ጥቁሩን በአንድ ወንበር ያስቀመጠ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ከሌክሲንግተን በስተደቡብ፣ ከተራሮቹ ግርጌ ባለችው በትንሿ ቤርያ የሚገኘው የግል ኮሌጅ ነው። ቤርያ ስሟን ያገኘችው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው። ትምህርት ቤቱ ከተማዋ ውስጥ ተሠራ ከማለት፣ ከተማዋ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ በቀለች ማለት ይቀላል።

ሕጉን ያረቀቀው ካርል ዴይ የሚባል የብሬትሂት አውራጃ ተወካይ ነበር፤ ሕጉም በስሙ “የዴይ ሕግ” ተባለ። ሰውየው በቤርያ ባቡር ጣቢያ ሲያልፍ አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር ተማሪ ተሳስመው ሰላም ሲባባሉ አይቶ ነው የተነሣሣው ይባላል። ወሬው እውነትም ይሁን የኋላ ፈጠራ አንድ ነገር አይመልስም። በ1904 ነጭና ጥቁር ቤርያ ላይ አብረው መማር ከጀመሩ 38 ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ሁሉ ዘመን ታግሶ የኖረ ግዛት ለምን ያኔ ተነሣ?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ወደ መሥራቹ መመለስ ግድ ነው።

ጆን ግሬግ ፊ በ1816 ከኬንታኪ ሰሜን፣ ከብራክን አውራጃ ተወለደ። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ልጁ ሲንሲናቲ ወደሚገኘው ሌን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ሄዶ የባርነት ጠላት ሆኖ ተመለሰ፤ አባትየውም ከውርስ ነቀለው። በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ነገር ምን እንደሚመስል የምታሳየን ጁሌት ማይልስ የምትባል ሴት ናት። ጁሌት የአባትየው ባሪያ ነበረች። ፊ ከገዛ አባቱ በገንዘብ ገዝቶ ነፃ አወጣት። ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ግን እዚያው በባርነት ቀሩ። በ1858 ሊሸጡ መሆኑን ስትሰማ ነፃ ከምትኖርበት ከኦሃዮ ተመልሳ መጣችና፣ በሌሊት የኦሃዮን ወንዝ ልታሻግራቸው ስትል ከነልጆቿ ተያዘች። እሷ ሦስት ዓመት ተፈረደባት፤ በኬንታኪዋ ፍራንክፈርት ካለው እስር ቤትም በሕይወት አልወጣችም። ፊን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህችን ሴት በአንድ መስመር ያልፏታል። እኔ ግን የቤርያን ታሪክ ከእሷ ብጀምረው ደስ ይለኛል። ለፊ ባርነት መጽሐፍ ላይ ያገኘው ኃጢአት ብቻ አልነበረም፤ በስም የሚያውቃት፣ ያሳደገው ቤት ያሠራት ሴት ዕጣ ነበረ።

ፊን ቤርያ ወዳለችበት ወደ ማዲሰን አውራጃ የጠራው ካሲየስ ክሌይ ነው። ክሌይ ሀብታም ባለርስት፣ ባርነትን በአደባባይ የሚቃወም ፖለቲከኛ፣ ደግሞም ጩቤ ሳይታጠቅ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ነበር። ለፊ በአንድ ሸንተረር ላይ መሬት ሰጠው። አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ በጫኑበት በ1855 እዚያ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ቆመች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ቀን ትምህርት ቤት። ሁለቱ ሰዎች ግን ብዙ አልዘለቁም። በ1856 የነፃነት በዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ፊ የእግዚአብሔርን ሕግ የሚጥስ የሰው ሕግ አያስገድደኝም አለ። ክሌይ ደግሞ ባርነት ቀስ በቀስ፣ በሕግ መንገድ ይጥፋ የሚል ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥበቃውን አነሣ።

ጥበቃ አልባ መሆን ምን ማለት እንደሆነ በ1859 ታየ። በጥቅምት ጆን ብራውን ሃርፐርስ ፌሪ ላይ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይዞ የባሪያዎች አመፅ ለማስነሣት ሞከረ። ፊ በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ልለምን ብሎ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ሄንሪ ዋርድ ቢቸር በሚሰብክበት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነበር። እንደ ጆን ብራውን ያሉ ሰዎች ያስፈልጉናል አለ፤ ወዲያውም በመንፈሱ እንጂ በአደራረጉ አይደለም ሲል አከለበት። የኬንታኪ ጋዜጦች የመጀመሪያውን ግማሽ አትመው ሁለተኛውን ጣሉት። በታኅሣሥ 23 ቀን ስድሳ ያህል ፈረሰኞች መሣሪያ ታጥቀው ቤርያ ገቡና ለመምህራኑና ለቤተሰቦቻቸው የአሥር ቀን ጊዜ ሰጧቸው። ነዋሪዎቹ ገዥው እንዲጠብቃቸው ቢማጸኑም አልችልም አላቸው። ጓዛቸውን ጭነው የኦሃዮን ወንዝ ተሻገሩ። ሊቆም ከተነደፈው ኮሌጅ መተዳደሪያ ደንቡ ብቻ ቀረ።

ወደ ቤርያ የመለሳቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ ነው፤ የመለሳቸውም በካምፕ ኔልሰን በኩል ነው። ካምፕ ኔልሰን በኬንታኪ ትልቁ የጥቁር ወታደሮች መመልመያ ሰፈር ነበር፤ ከ10,000 በላይ ጥቁሮች እዚያ ወታደር ሆኑ፤ በመሆናቸውም ነፃ ወጡ። ፊ በ1864 እዚያ ገብቶ ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት ቤል ሚቸል የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ጥቁር ወጣት በመምህርነት ቀጠረ። ልጅቱ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ገብታ ከሌሎቹ መምህራን ጋር ስትቀመጥ፣ መኮንኖችና የሚሲዮን ሰዎች ብድግ ብለው ወጡ። አስወጣት ሲሉት ፊ እምቢ አለ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ዋናው ፍንጭ እዚህ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ይማር የሚል ነጭ ብዙ ነበር። አብሮኝ ይብላ የሚል ግን እየተፈለገ ነበር የሚገኘው። ቤል ሚቸል በኋላ ራሷ ቤርያ ተማረች።

በ1866 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ልጆች በበሩ ሲገቡ ከነጮቹ ሃያ ያለፉት ተነሥተው ወጡ፤ ከእነሱም ከፊሎቹ ሰንበት ብለው ተመለሱ። በመጀመሪያው ሙሉ ዓመት 187 ተማሪዎች ነበሩ፤ 96 ጥቁር፣ 91 ነጭ። አብዛኞቹ ገና ማንበብና መጻፍ የሚለምዱ ነበሩ። የኮሌጅ ትምህርት የተጀመረው በ1869፣ የመጀመሪያው ዲግሪ የተሰጠው በ1873 ነው። ፊ በከተማዋ መሬት ሲሸጥም የነጩ ቦታ ከጥቁሩ ቦታ አጠገብ እንዲውል አድርጎ ነበር፤ የጥቁር ሰፈር፣ የነጭ ሰፈር የሚባል ነገር እንዳይበቅል። የዴይ ሕግ 25 ማይል ካለው ጋር ሲተያይ የፊና የዴይ ሐሳብ ምን ያህል ተቃራኒ እንደነበረ ግልጽ ነው።

በዚህ ዘመን የሆነውን ዛሬ ሆኖ ሲያነቡት ለማመን ይቸግራል። ጁሊያ ብሪተን የምትባል ጥቁር ወጣት ቤርያ ላይ ለነጭ ተማሪዎች ሙዚቃ ታስተምር ነበር። በኋላ ጁሊያ ሁክስ በሚለው ስም ሜምፊስ ውስጥ የታወቀች የሕዝብ አገልጋይ ሆናለች። በ1872 የኮሌጁ ባለአደራ ቦርድ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች ተዋድደው አብረው መታየታቸው አይከለከልም ሲል ወሰነ። ልብ አድርጉ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር መካከል ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን የሻረው ከዚያ 95 ዓመት ቆይቶ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግማሹ ተማሪ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የመሆኑ ነገር ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይናጋ ዘለቀ።

ከዚያ የ1904ቱ ሕግ መጣ፤ ኮሌጁም ሙግት ገባ። የማዲሰን አውራጃ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ ብሎ 1,000 ዶላር ቀጣው። በ1906 የኬንታኪ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸና፤ የ25 ማይሉን አንቀጽ ግን ይህስ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ጣለው። ጉዳዩ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኅዳር 9 ቀን 1908 ለኬንታኪ ፈረደ።

የፍርዱን ሐተታ የጻፈው ዳኛ ዴቪድ ብሩወር ነው። ብሩወር የሚሲዮናውያን ልጅ ሆኖ ሰምርኔስ የተወለደ ሰው ነው፤ ከሚሲዮን የተወለደውን ትምህርት ቤት ለጥቁሮች የዘጋው የሚሲዮን ልጅ መሆኑ ይገርማል። የተጠቀመበት መንገድ ብልጠት የተሞላበት ነው። ሰዎች አብረው መማር ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለውን ጥያቄ ሳይነካ አለፈው። ቤርያ ኮሌጅ፣ አለ፣ ክፍለ ግዛቱ ቻርተር ሰጥቶ የፈጠረው ድርጅት ነው፤ የፈጠረ ደግሞ የፈጠረውን ማሻሻል ይችላል። በዚህ አነጋገር የተማሪዎቹ መብት የተማሪዎቹ ሳይሆን የወረቀቱ ሆነ።

ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ጆን ማርሻል ሃርላን ነበር፤ ራሱ ኬንታኪ ተወልዶ በባሪያ አሳዳሪ ቤት ያደገ። በ1896፣ ከአድዋ ድል ሁለት ወር ተኩል ያህል በኋላ፣ ያው ፍርድ ቤት የባቡር ፉርጎዎች በቀለም መለያየትን ሲያጸድቅ ብቻውን የተቃወመው እሱ ነው። አሁንም ፈቅደው አብረው የሚማሩ ሰዎችን መንግሥት ከለየ፣ ነገ አብረው የሚያመልኩትን ከመለየት የሚከለክለው ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ሌላው ተቃዋሚ ዊልያም ዴይ ይባላል፤ ከሕጉ ባለቤት ጋር የሚያገናኘው የስም መመሳሰል ብቻ ነው።

እዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ነው፤ ደግ ትምህርት ቤት፣ ክፉ ሕግ። ብዙዎች የሚያቆሙትም እዚህ ነው። የተማሪዎቹን ቁጥር በየዘመኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ነገሩን ያበላሸዋል። በ1890ዎቹ መግቢያ ግማሽ ያህሉ ተማሪ ጥቁር ነበር። ሕጉ በወጣበት በ1904 ጥቁሩ ከስድስት ተማሪ አንዱ ገደማ ብቻ ሆኗል። ይህን ያደረገው የዴይ ሕግ ሊሆን አይችልም፤ ገና አልወጣማ።

በመካከል የመጣው ዊልያም ጉዴል ፍሮስት ነው። ኦሃዮ ውስጥ ኦበርሊን ኮሌጅ የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር የነበረው ፍሮስት በ1892 የቤርያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ያገኘው ኮሌጅ ድሃ ነበር፤ ተማሪውም ጥቂት። በሰሜኑ የነበረው፣ ነፃ የወጡትን ባሮች እናስተምር የሚለው የለጋሾች ስሜትም ቀዝቅዟል። ፍሮስት በፈረስና በሠረገላ ወደ ተራሮቹ ወጥቶ ድሆቹን የተራራ ነጮች አየ። ከዚያም ወደ ቦስተንና ኒው ዮርክ ተመልሶ ስለ እነሱ መስበክ ጀመረ። በ1899 “አትላንቲክ መንትሊ” መጽሔት ላይ ባወጣው የታወቀ ጽሑፍ፣ የተራራውን ሕዝብ በዘመናችን የሚኖሩ አያቶቻችን ናቸው ብሎ ለአንባቢው አስተዋወቀ። የሰሜኑ ባለጸጋ የራሱ ደም ነው የተባለለትን ድሃ ሲያይ ኪሱ ተፈታ።

ገንዘቡ ሲመጣ ተማሪው ተከትሎ መጣ፤ የመጣው ግን አንደኛው ወገን ብቻ ነው። የኮሌጁ ሰዎች ለምልመላ የሚወጡት ወደ ተራራው ሆነ። ነጮቹ በየዓመቱ ሲበዙ የጥቁሮቹ ቁጥር ባለበት ከመርገጥ አልፎ አነሰ። ጄምስ ሃታዌይ የሚባል ቤርያ የተማረ ጥቁር መምህር ነበረ፤ በፍሮስት መጀመሪያ ዓመታት ለቅቆ ሄደ፤ ኋላም ፍራንክፈርት ያለውን የጥቁር መምህራን ማሠልጠኛ መራ። የ1872ቱ ውሳኔም በዚሁ ዘመን ቀረ። በ1901 የሞተው ሽማግሌው ፊ ይህን አካሄድ አልወደደውም፤ ግን ኮሌጁ ከእጁ ወጥቶ ነበር።

ፍሮስትን መክሰስ ብቻ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ ሕጉን ተቃውሟል፤ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ተሟግቷል፤ የተባረሩት ጥቁር ተማሪዎች ሌላ ቦታ እንዲማሩ ኮሌጁ ወጪያቸውን ሸፍኗል። ከ1892 ጀምሮ ቤርያ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አልተቀበለም፤ ዛሬም አይቀበልም። ተማሪው በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። መጥረጊያ ያስራል፣ ሸማ ይሸምናል፣ በ1909 በተከፈተው የኮሌጁ ሆቴል ያስተናግዳል፣ ቢሮ ያጸዳል። የገንዘቡም ምንጭ አይደርቅም፤ ባለአደራ ቦርዱ በ1920 ሰዎች ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚያወርሱት ሁሉ ወደ ቋሚ ገንዘብ እንዲገባ ወስኖ ነበርና ያ ገንዘብ ዛሬ ከቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ የፍሮስት ዘመን ፍሬ ነው። በተራሮቹ ስም የተለመነ ገንዘብ ግን ጥቁሩን በገዛ ቤቱ እንግዳ አድርጎታል። ዴይ ሕጉን ይዞ ሲመጣ የገፋው በር ከውስጥ ገርበብ ብሎ ጠበቀው። ግማሹ ተማሪ ጥቁር በነበረበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ሕጉ ኮሌጁን ለሁለት ይከፍለው ነበር። በ1904 ግን ብዙኃኑን ሳይነካ ጥቂቶቹን ማስወጣት ይቻል ነበር። “ለምን ያኔ?” ለሚለው ጥያቄ እኔ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ መላው ደቡብ በዚያ ዘመን መለያየትን በሕግ እየጻፈ መሆኑ ደግሞ የቀረውን ሠራ።

ከተባረሩት ቀድሞ በጠባቡ ያለፈ አንድ ሰው አለ። የቀድሞ ባሮች ልጅ፣ በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪ የነበረ፣ ሥራና ትምህርት እያፈራረቀ የኖረ። በ1903 ከቤርያ ዲግሪውን ተቀበለ፤ ሕጉ በማግሥቱ ዓመት ወጣ። ካርተር ዉድሰን ይባላል። በ1912 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን አገኘ፤ በ1915 የጥቁሮችን ታሪክ የሚያጠና ማኅበር አቋቋመ፤ በ1926 የጀመረው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት ዛሬ በየካቲት ወር ሙሉ ይከበራል።

ለተባረሩት ኮሌጁ ሌላ ትምህርት ቤት ልሥራ አለ። አንድሩ ካርኔጊ፣ ያንኑ ያህል ከሌላ ካሰባሰባችሁ 200,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ተሰበሰበም። የተመረጠው ቦታ በሉዊቪል አቅራቢያ ሲምፕሰንቪል ነበር። የአካባቢው ነጮች በደጃችን አይሆንም ብለው ተነሡ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1912 ግን ሊንከን ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከቤርያ የራቀው ከ25 ማይል እጅግ በላይ ነው። ትምህርቱም እንደ ቤርያ ኮሌጅ አልነበረም፤ ያዘነበለው ወደ ሁለተኛ ደረጃና ወደ እጅ ሙያ ነው። በዚያ ግቢ በ1921 የተወለደው ዊትኒ ያንግ የብሔራዊ የከተሞች ሊግን መርቶ በሰብአዊ መብት ትግሉ ከታወቁት መሪዎች አንዱ ሆኗል። አባቱም የዚያው ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ።

የዴይ ሕግ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖረ። በ1950 የኬንታኪ ምክር ቤት ጨርሶ ሳይሽረው አሻሻለው። የኮሌጁ ባለአደራዎች ከፈቀዱ ጥቁር ተማሪ ከነጮች ጋር መግባት ይችላል፤ ግን ሊማር የፈለገውን ትምህርት ፍራንክፈርት ያለው የጥቁሮች ኮሌጅ በእኩል ደረጃ የማይሰጥ ከሆነ ብቻ ነው። ያ ኮሌጅ ሃታዌይ ቤርያን ለቅቆ የመራው ነው። ቤርያ በዚያው ዓመት ለጥቁሮች በሩን ከፈተ፤ ከኬንታኪ ኮሌጆችም በተሻሻለው ሕግ ለመጠቀም ቀዳሚው ሆነ። መጀመሪያ የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።